ከማዕድ የምትሸሸው ልጅ



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር እንደ ወትሮው ስለ ዘር እህል ወይም ስለ ንጹሕ ውኃ አይደለም። በማዕድ ዙሪያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ስለሚደርስ ጭንቀት ነው። ሌላ ሰው ሲያላምጥ፣ ቆሎ ሲቆረጥም፣ ትኩስ ነገር ፉት ሲል የሚሰማውን ድምፅ ለመታገሥ የማይችሉ ልጆች አሉ። ነገሩ ሲነገር ቀላል፣ እንዲያውም የቅብጠት ይመስላል። ለእኛም እንዲሁ መስሎን ነበር፤ ስለዚህም በአንዲት ልጅ ላይ ስሕተት ሠራን። የሆነውን ሳንሸሽግ የምንነግራችሁ፣ በየፕሮጀክቱ የምታገለግሉ ወገኖች ይህን የመሰለ ልጅ ሲያጋጥማችሁ የእኛን ስሕተት እንዳትደግሙት ብለን ነው።

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ የሚያገኛት ከተማ ናት። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፤ ሌላው ተገንጥሎ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። አገሩ የጤፍ አገር ነው። እንግዳ የሚከበረው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ልጅም የሚወደደው በማዕድ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ከማዕድ የሚሸሽ ልጅ ምን ተብሎ እንደሚታይ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

በዚያች ከተማ ሕፃናት ከትምህርት ቤት መልስ ምሳ የሚበሉበትና የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት አንድ ቤት አለ። ልጅቱ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟንና የቤተ ሰቧን ሁኔታ አንጽፍም። ስትማርም ሆነ ስትጫወት ምንም የማይታይባት፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ምሳ ሲቀርብ ግን ሌላ ሰው ትሆን ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ ትጎርስና ፊቷ ይለዋወጣል፤ ጥርሷን ትነክሳለች፤ እንባዋ ይመጣል፤ በመጨረሻም እንጀራውን ትታ ትወጣለች። አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ገፍትራ ከነሳህኑ ጣለችው። ሌላ ቀን ደግሞ ምግብ የሚያወጡላቸው እናት ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ሲበሉ፣ አበላላቸውን በአፏ እየደገመች አሰማች። ይህ ከሁሉ የከፋ ሆኖ ታየ። ባልቴት ሲበሉ መስሎ መድገም በማንም ቤት የሚታለፍ ነገር አይደለምና።

ስለዚህ «ሥርዓት ትማር» ተባለ። በአዳራሹ መካከል እንድትቀመጥና ሁሉም በልተው እስኪጨርሱ እንዳትነሣ ታዘዘ። «ስትለምደው ይተዋታል» ያልነው እኛ ነን፤ ሐሳቡን ያቀረበ አንድ ሰው ቢሆንም የተቃወመ ከመካከላችን አልነበረም። ሦስት ቀን እንዲህ ተደረገ። በአራተኛው ቀን ልጅቱ አልመጣችም።

ከሠራተኞቻችን አንዲቱ ቤቷ ድረስ ሄደች። ያገኘችው ነገር ሁላችንንም አሳፈረን። ልጅቱ በቤቷም ከሰው ጋር አትበላም ነበር። እራት ሲቀርብ ወደ ደጅ ትወጣለች፤ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በምድጃው ዳር የተረፈውን ቀዝቃዛ እንጀራ ትበላለች፤ ካልተረፈም ጾሟን ታድራለች። ከስታለች። አባቷ «ጥጋብ ነው፣ አለንጋ ይፈውሳታል» ብለው ሞክረዋል። ጎረቤት «ቡዳ በልቷት ነው» ብሏል። ጠበልም ተወስዳለች። የእኛ ወገን የሆኑ አንዳንድ ሰዎችም መጥተው ጸልየውላት፣ ክፉ መንፈስ እንዳለባት ነግረዋት ሄደዋል። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ብቻዋን መተኛት መፍራቷን የሰማነው በኋላ ነው።

እናቷ የተናገሩት ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። «ልጄ፣ እኔን ጠልታኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አላት?» አሏት ሠራተኛችንን። «ላሟ አጠገቧ ቆማ ስታመሰኳ ቁጭ ብላ ታያለች። እኔ አንድ ጊዜ ስጎርስ ግን ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች።» ቆየት ብለውም እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመሩ። በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ልጅቱ ከእነርሱ ጋር ትበላ ነበር።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ላሟና ዝናቡ፣ ነገሩን ለመረዳት በር ከፈቱልን።

ይህ ችግር በባለ ሙያዎች ዘንድ ሚሶፎኒያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ጥላቻና ድምፅ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። ስሙን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡለት በአሜሪካ አገር የሚሠሩ ማርጋሬትና ፓቬል ጃስትረቦፍ የተባሉ የመስማት ችግር ተመራማሪዎች ናቸው። ስሙ ጥሩ ስም ነው ለማለት አንደፍርም፤ እነዚህ ሰዎች ድምፅን ሁሉ አይጠሉምና። የሚያስጨንቋቸው ጥቂት የተለዩ ድምፆች ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ሰው ሲበላ የሚሰማው ነው። የድምፁ ትልቅነት ወይም ትንሽነት ለውጥ አያመጣም። ከበሮ ቢመታ፣ የጭነት መኪና ጥሩንባ ቢነፋ ምንም የማይላት ልጅ፣ ከጓዳ በምትሰማው የአንዲት ሽምብራ ድምፅ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች።

በልጅዋ ላይ ያየነው ሁሉ በሌሎች አገሮች ከተጻፈው ጋር ይስማማል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻ ወይም በጉርምስና መግቢያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰውም ከሩቅ ሰው ይልቅ በቅርብ ሰው ድምፅ ነው፤ በእናት፣ በአባት፣ በወንድምና በእኅት። የራስ አፍ ድምፅ አያስጨንቅም። ብዙዎቹ ሕፃን ወይም እንስሳ ሲበላ ቢሰሙ እንደ ትልቅ ሰው ድምፅ አይረበሹም። እንግዲህ እናቲቱ የጥላቻ ምልክት ያሉት የላሟ ነገር የችግሩ ጠባይ ነበር። ለወላጅ ይህን ማስረዳት ትልቅ ምሕረት ነው፤ «ልጅዎ እርስዎን አልጠላችም» ከሚለው ቃል የሚበልጥ መድኃኒት ለእኚያ እናት አልነበረንም።

በውስጥ ምን እንደሚሆንም በመጠኑ ታውቋል። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሱክቢንደር ኩማርና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች የሚያስጨንቃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ልባቸው በፍጥነት እንደሚመታ፣ ቆዳቸውም እንደሚያልበው ለክተዋል። በአንጎልም ውስጥ ኢንሱላ የሚባለው ክፍል ከሌላው ሰው ይልቅ አብዝቶ ይሠራል። ይህ ክፍል ከምንሰማውና ከምናየው ሁሉ መካከል ለየትኛው ልብ ማለት እንደሚገባን የሚለይ፣ ስሜትንም ከሰውነት ጋር የሚያያይዝ ነው። ስለዚህ ለእኛ ሰምተን የማንሰማው የማላመጥ ድምፅ ለእነርሱ እንደ አደጋ ጥሪ ይሆንባቸዋል። ልጅቱ ከጊዜ በኋላ በራሷ ቃል «እናቴን እወዳታለሁ፤ ስትበላ ግን ድምፁ እሳት ሆኖ እዚህ ይገባል» ብላ ደረቷን አሳይታናለች። ኢንሱላ የሚለውን ቃል ሳትሰማ ከእኛ ይልቅ ነገሩን በደንብ ገልጻዋለች።

ያው የጥናት ቡድን በ2021 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር አመለከተ። በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ የመስማት ክፍልና አፍንና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ከሌላው ሰው ይልቅ አጥብቀው የተያያዙ ናቸው። ሌላው ሲያላምጥ ሳይወዱ በገዛ አፋቸው የሚደረግባቸው ያህል ነው። ብዙዎቹም ድምፁን መልሰው በአፋቸው ይደግሙታል፤ ሲደግሙት ጭንቀቱ ቀለል ይልላቸዋል። ይህን ስናነብ ወጥ የሚያወጡትን እናትና ያን የከፋ ቀን አሰብን። ልጅቱ አላሾፈችም ነበር። ለመታገሥ የምትችልበትን መንገድ ስትፈልግ ነው ያሾፈች የመሰለን። ለእናትየውም ይህን ነገርናቸው፤ ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው «እንግዲያስ እኔን የሚያስቀይመኝ ነገር የለም» አሉ።

ስንት ሰው እንዲህ እንደሚሆን በአገራችን የተቆጠረ ነገር አላየንም። በእንግሊዝ አገር በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ከመቶ 18 ያህሉ ኑሯቸውን የሚነካ ምልክት አላቸው ተብሏል፤ ስሙን የሚያውቁት ግን ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ባለ ሙያዎች በጋራ ተስማምተው መግለጫ ያወጡለት በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ለብቻው አልገባም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳችሁት ልጅ ቢኖር ስሙን በመጥራት አትድከሙ። ምልክቱን ንገሩ፤ መቼ እንደሚጀምረው፣ በማን ድምፅ እንደሚብስ፣ ምን ያህል ምግብ እንደቀረበት፣ ኪሎው እንደቀነሰ ወይም እንዳልቀነሰ።

ሁሉም ከድምፅ የሚሸሽ ልጅ ይህ ችግር አለበት ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱን ልጅ ትልልቅ ድምፅ ሁሉ ጆሮውን ያመዋል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ጆሮው የሚመግል ልጅም አለ፤ በየፕሮጀክታችን እንደምናየው ቁጥሩ ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮ ይታይ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ግጭት በመኖሩ የተኩስ ድምፅ የሰሙ፣ ከዚያም የከፋ ያዩ ልጆች አሉ። እነዚህ በር ሲዘጋ፣ ዕቃ ሲወድቅ ይደነግጣሉ፤ ሌሊት ይቃዣሉ። የእነርሱ ጭንቀት ከማዕድ የመጣ አይደለም፤ የሚያስፈልጋቸውም እርዳታ የተለየ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም በድምፅ፣ በብርሃንና በልብስ መነካት እጅግ ሊረበሹ ይችላሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች እንደ እርግማን ተቆጥረው በየጓዳው ይደበቁ ነበር። ስለ ችግሩ በግልጥ መናገር በመጀመሩ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ብርሃን ወጥተዋል። ስለዚህኛውም ችግር የምንጽፈው በዚያው ተስፋ ነው።

አሁን ወደ ደጀኗ ልጅ እንመለስ። ያደረግነው ሁሉ አልተሳካም። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ያደረግነው ይቅርታ መጠየቅ ነበር። በአዳራሹ መካከል ያስቀመጧት ሰዎች ቤቷ ሄደው፣ ወላጆቿ ባሉበት፣ «ተሳስተን ነበር» አሏት። አንዳንዶች ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ልጅን ማበላሸት ነው አሉን። አልተስማማንም። ልጅቱ ተመልሳ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛም ስለ ነገሩ መነጋገር የሚገባው ማዕድ ላይ ሳይሆን በሌላ ጊዜ መሆኑን ተማርን። ጭንቀቱ በተነሣበት ሰዓት ልጅዋን መጠየቅም ሆነ መምከር ከንቱ ነው፤ በዚያ ሰዓት መስማት አትችልም። ከሰዓት በኋላ ውኃ እየቀዳች፣ ከአንዲት ከምታምናት ሠራተኛ ጋር ስትጫወት ግን ሁሉን ትናገራለች። የትኛው ድምፅ ይብሳል? ከየትኛው ሰው? ማየትስ ያስጨንቃል? አዎን፣ ማየትም ያስጨንቃት ነበር፤ ድምፁ ባይሰማም የሚንቀሳቀስ አገጭ ማየት ይበቃታል። ይህን ሳናውቅ ፊት ለፊት አስቀምጠናት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቦታዋ በአግዳሚው ጫፍ፣ በበሩ አጠገብ ሆነ፤ ፊቷም ወደ መስኮቱ። በትንሽ ሳህን ለብቻዋ ይቀርብላታል፤ በዚያው ክፍል ግን ነው። ዝናቡን አስታውሰን አንድ አሮጌ ራዲዮ አመጣን። በምሳ ሰዓት መዝሙር ወይም ዜና ድምፁ መካከለኛ ሆኖ ይሰማል። ልጆቹ ሁሉ ወደዱት፤ ለማን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አልችልም ያለች ጊዜም ኩባያዋን ትገለብጣለች፤ ያን ያየች ሠራተኛ ምንም ሳትናገር በዓይኗ ትፈቅድላታለች፤ ልጅቱ ወጥታ፣ ቀስ ብላ ትንፋሿን ስባ፣ ዛፉን ዞራ ትመለሳለች። መመለሱ የስምምነቱ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ምሳ አራት ጊዜ ትወጣ ነበር። መውጣት እንደተፈቀደላት ካወቀች በኋላ መውጣቷ ቀነሰ፤ ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር ሆነብን።

ከሁሉ የበለጠውን መንገድ ያገኙት ግን ያ የተደገመባቸው ወጥ አውጪ እናት ናቸው። «ሥራ ስጧት» አሉ። ልጅቱ ከምሳ በፊት ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ ሁሉንም እጅ ታስታጥባለች፤ ሌሎቹ መብላት ሲጀምሩ እንጀራ ትጨምራለች፤ ራሷ የምትበላው በመጨረሻ፣ ከሌሎች ሁለት አስተናጋጅ ልጆች ጋር ነው። እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮዋ ያን ያህል አይጠብቅም። ደግሞም ከማዕድ የተባረረች መሆኗ ቀርቶ ማዕድ የምታቀርብ ሆነች። በልጆቹ መካከል የነበራት ስም በዚህ ተለወጠ።

ያልተሳካው ጥጥ ነው። ጆሮዋን በጥጥ እንድትደፍን ፈቀድንላት፤ ለምሳ ሰዓት ብቻ ነበር ሐሳባችን። እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ ደፍናው ትውል ጀመር፤ መምህሯም አትሰማኝም ብለው ላኩብን። ጥጡን ስታወጣ ደግሞ ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ተሰማት። ሐኪሞችም ይህንኑ ያስጠነቅቃሉ፤ ለረጅም ጊዜ የተደፈነ ጆሮ ድምፅን ይበልጥ ይናፍቃል፣ ትንሹንም አጉልቶ ይሰማል። እጅግ በከበደ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ በቀር ጥጥን አንመክርም።

በቤት ያለው ነገር ከአዳራሹ ይከብዳል። እናት ልጇን ማጉረስ ትወዳለች። ልጅቱም ጉርሻውን አልጠላችውም፤ ጉርሻውን ተከትሎ የሚመጣውን ድምፅ እንጂ። ስለዚህ እናትየው ራሳቸው መብላት ሳይጀምሩ መጀመሪያ ልጃቸውን ያጎርሷታል፤ ከዚያ ልጅቱ የራሷን ድርሻ ይዛ ጥቂት ራቅ ብላ፣ በዚያው ጎጆ ትቀመጣለች። የቡና ሰዓት ከሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ። ቆሎ አለ፤ ፉት ማለት አለ፤ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። በአንዳንድ ቀን በቆሎው ፈንታ ዳቦ ይቆረሳል፤ በሌላው ቀን ልጅቱ አቦሉን አቅርባ ትሄዳለች፤ ለቶና ለበረካ አትጠበቅም።

አያቷ ይህን ሲያዩ «ልጅ ያዝዘን ጀመር እንዴ?» አሉ። እኛም ነገሩን አስበንበት፣ አያትየው በከፊል እውነት አላቸው ብለናል። ቤተ ሰብ ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ እየተሳቀቀ ቢበላ፣ ወይም እናት ልጇን ፈርታ ጾሟን ብታድር፣ ችግሩ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የልጅቱም ዓለም እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ለልጅቱም ድንበር ተበጅቶላታል። መጨነቅ ጥፋት አይደለም፤ ወንድምን መምታትና መሳደብ ግን ጥፋት ነው። በተጨነቀች ጊዜ ትወጣለች፤ ሰው ላይ እጇን አታነሣም። ወንድሞቿም ሊያናድዷት ብለው ሆን ብለው እያጮኹ እንዳይበሉ አባቷ ከልክለዋል። አባትየው አለንጋቸውን የሰቀሉት ሲገባቸው እንጂ እኛ ስለነገርናቸው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን «እኔም ልጅ ሳለሁ አጎቴ ጥርሱን ሲፍቅ መስማት አልችልም ነበር» ብለው ሳቁ።

በውጭ አገር ለዚህ የሚሰጥ የምክር ሕክምና አለ። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም የሚሠሩ ሐኪሞች 54 ሕሙማንን ይዘው ባደረጉት ሙከራ፣ በቡድን ለሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ ሕክምና ካገኙት ከሦስቱ ከአንዱ ትንሽ የሚበልጡት ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል፤ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ግን ማንም አልተሻለውም። ሁሉን የሚያድን መድኃኒት እንዳልሆነ ከቁጥሩ ታያላችሁ። ከሚያስተምሩት ግን በቤት ሊሠራ የሚችል አለ። ሐሳብን ከድምፁ ወደ ሌላ ነገር ማዞር፣ ሰውነትን ማፍታታት፣ ድምፁንም ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ ማሰብ ነው። የዚህ የመጨረሻው ነገር ደስ ይላል። በጥናት እንደታየው፣ ያው ድምፅ ከሰው አፍ ሳይሆን ከሌላ ነገር የመጣ ሲመስላቸው ሰዎቹ ያን ያህል አይረበሹም። ልጅቱ የቆሎን ድምፅ በአውድማ ገለባ ላይ የሚሄድ ሰው ኮቴ አድርጋ ማሰብ ትለማመዳለች። አንዳንድ ቀን ይሠራላታል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ሰውዬው አልመጣም» ትላለች።

ልጁ ኪሎው እየቀነሰ ከሄደ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ግን በምክር ብቻ አትቆዩ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከዚያ የከበደውን ወደ ባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ይልኩታል። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ እንደማይቻል እናውቃለን። እንዲህ ሲሆን በአካባቢው ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢያንስ ኪሎውን በየሳምንቱ ይመዝን፤ ምግቡም ሰው በሌለበት ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይሰጠው። ለተራበ ልጅ ከሥርዓት በፊት እንጀራ ይቀድማል።

ለጉባኤዎች አንድ ቃል አለን። ለእንዲህ ያለ ልጅ መጸለይ መልካም ነው፤ እኛም እንጸልያለን። ነገር ግን ርኵስ መንፈስ አለብሽ ብሎ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መንገር፣ በዚያ ላይ ይውጣልሽ ብሎ ምግብና ውኃ መከልከል ሌላ ሸክም መጫን ነው። ልጅቱ ራሷ «መንፈሱ የሚወጣው እናቴን መውደዴን ካቆምኩ ነው?» ብላ ጠይቃናለች። ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው ስናስብ አንገታችንን ደፋን። በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሠርግና በኅብረት ማዕድ ላይ የሚሸሽ ልጅ ስታዩ ከበር ላይ ይዛችሁ አትመልሱት። ከሳህኑ ጥቂት ይዛችሁ ውጡለት።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በየሩብ ዓመቱ በምትልኩልን መግለጫ ላይ «ምግብ እንቢ ይላል» ወይም «ባለጌ ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ልጁ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በምን ድምፅ እንደሚነሣ ሦስት ቀን ያህል እያያችሁ ማስታወሻ ያዙ። የደጀኗን ልጅ «ባለጌ» ብለን የጻፍንበት ወረቀት አሁንም በመዝገባችን ውስጥ አለ። አላወጣነውም።

ልጅቱ ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አልዳነችም፤ የጠፋባትን ኪሎ ግን መልሳለች፤ እራቷንም ከእናቷ ጋር በአንድ ጎጆ ትበላለች። በዚያ ቤት የወጪ መዝገብ ላይ ከጨውና ከበርበሬ ቀጥሎ በየወሩ አንድ መስመር አለ፤ ለራዲዮ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት። ሒሳቡን የሚመረምሩት ሰው ምን እንደሆነ ቢጠይቁን ነገርናቸው፤ ፈርመው አለፉ።